ከከፋ ወደ ባሕር ማዶ ስለ ሄዱ ሕፃናት

የሙሴ እናት ልጅዋን በሣጥን አድርጋ ከወንዝ ዳር ባኖረችው ጊዜ እኅቱ የሚሆነውን ለማየት በሩቅ ቆማ ነበር። የፈርዖን ልጅ አገኘችው፥ ልጅም አደረገችው፤ ያጠባችው ግን የወለደችው እናቱ ናት። ስለዚህ ሙሴ በቤተ መንግሥት አድጎ የግብጽን ጥበብ ሁሉ ቢማርም ወንድሞቹ እነማን እንደ ሆኑ አልጠፋውም፤ አርባ ዓመት በሞላው ጊዜም ሊጐበኛቸው ወጣ። ማደጎ መልካም የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ አሳዳጊዪቱ ታከብራለች፥ የወለደችውም አትረሳም።

ያገራችን ልማድ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የሰው ልጅ ወስዶ ልጁ ሊያደርግ የወደደ ሰው ጡቱን ወይም አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባው ነበር፤ ልጁም የጡት ልጅ ይባላል። በኦሮሞ ዘንድ ጉዲፈቻ የተባለው ሥርዓት እጅግ የከበረ ነውና ያገሪቱ ሕግ ቃሉን ወስዶ በአማርኛው አዋጅ ጽፎታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ልጁ ለአሳዳጊው እንደ ተወላጅ እንዲቈጠር ሲያዝ ከተወለደበት ዘመድ ጋራ ያለውን ዝምድና አላፈረሰበትም።

ከዚህ ሕግ በኋላ ባሉት ዓመታት ልጅ ፈልገው ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ የባሕር ማዶ ሰዎች በዙ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,000 የሚበልጡ ልጆች ሄዱ፤ በዚያም ዓመት ከኢትዮጵያ ይልቅ ብዙ ልጅ ወደዚያ የላከች አገር ቻይና ብቻ ነበረች። ከሄዱትም መካከል የከፋ ልጆች ነበሩ።

ከአሳዳጊዎቹ አንዳንዶች በአዲስ አበባ በፍርድ ቤት ጉዳያቸውን ሲፈጽሙ ልጁ የተወለደበትን አገር ሳናይ አንመለስም ብለው በጅማ በኩል ወደ ቦንጋ ይወርዱ ነበር። ጐጀብን የተሻገረ መንገደኛ በከፋ ምድር የሚያየው ብዙ ነው። ቡና በዱር ዛፍ ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ያገኘዋል፤ ከረጃጅሙ ዛፍ ላይ የተሰቀለውን የንብ ቀፎ፥ በየጓሮውም እንሰቱን ያያል፤ በገበያ ሕዝቡ በካፊ ኖኖ ቋንቋ ሲነጋገር ይሰማል። ይህ አገር እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የራሱ ንጉሥ የነበረው ነው። ጫካውንም ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በዓለም ከሚጠበቁት የተፈጥሮ ሥፍራዎች ጋራ መዝግቦታል። እንግዶቹም ሥዕሉን በፎቶግራፍ አንሥተው፥ ማሩንና ቡናውን ይዘው፥ አንድ ቀን ለልጃችን እናሳየዋለን እያሉ ይመለሱ ነበር። ፍቅራቸውንም የሚክድ የለም።

ነገር ግን አገርን ማየት ሌላ፥ ዘመድን ማወቅ ሌላ ነው። ልጁ አድጎ «የወለደችኝ ማን ናት?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ የጫካው ሥዕል አይመልስለትም።

እናቲቱ ወይም አያቲቱ በዳኛ ፊት ቃልዋን ስትሰጥ በልብዋ የነበረው ብዙ ጊዜ የጡት ልጅ ልማድ ነው፤ ልጄ ተምሮ ይመለሳል፥ ደኅንነቱንም ይጽፍልኛል ብላ ነው። በተቀባዩ አገር ሕግ ግን ማደጎ ማለት የቀደመው ዝምድና ፈጽሞ መቈረጥ ነው። አንዱ ቃል ለሁለቱ ወገን ሁለት ትርጓሜ ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር በቅኔ ሲገኝ ሰምና ወርቅ ተብሎ ይመሰገናል፤ በሕፃን ላይ ሲገኝ ግን በደል ነው። ከዚህም የከፋ ነገር ተገለጠ፤ ወላጅ ሳለው ወላጅ የሌለው ተብሎ የተጻፈ ልጅ ተገኘ። ስለዚህ መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ቍጥሩን እጅግ ቀነሰ፤ በኋላም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ባጸደቀው ማሻሻያ ለውጭ አገር ሰው ልጅ መስጠት ቀረ።

በሩ ሲዘጋ ግን ችግረኛው ሕፃን በውስጥ ቀርቷል። የውጭውን ሰው ከልክሎ የራስን ደጅ መዝጋት ጽድቅ አይሆንም። ያለው የከተማ ሰው ወላጅ ያጣውን ልጅ ቢያሳድግ የአባቶቹን ሥርዓት ፈጸመ፤ ነገር ግን ሰው እንዳይሰማ፥ ልጁም እንዳያውቅ ብሎ ትውልዱን አይሸሽግበት። የተሸሸገ ነገር ከጎረቤት አፍ አያመልጥም፤ ልጁም ከጎረቤት ሲሰማው የአሳዳጊው ፍቅር ራሱ ሐሰት ይመስለዋል።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ስትጠመቅ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስም ትሰጣለች፥ የክርስትና አባትና እናትም ታቆማለች፤ ይኸውም ማሳደግን በእግዚአብሔር ፊት መዋስ ነው። እንግዲህ የልጁን ስም ከነእናቱና ከነአባቱ፥ ከነክርስትና አባቱ፥ ቀኑንም ጨምሮ በአጥቢያው መዝገብ መጻፍ ለአንድ ቄስ የጥቂት ጊዜ ሥራ ነው። ዛሬ ቀድሞ የሄዱት ሕፃናት ጐልምሰዋል፤ አንድ የቀበሌ ስም ብቻ ይዘው እናታቸውን ፍለጋ የሚመለሱም አሉ። እንዲህ ያለው ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ በጠየቀ ጊዜ ካህኑ መዝገቡን ገልጦ የእናቱን ስም ሊያነብለት ይገባል።