የታቀፈ እንቁላል ለምን ይሻግታል? እኔ የተሳሳትሁትን እናንተ እንዳትደግሙት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ እንቁላል ማሳቀፍና ስለ ሻጋታ ነው። ግን እንደ ወትሮው "ይህን አድርጉ፣ ያን ተዉ" ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ እኔው ራሴ የሰጠሁትን የተሳሳተ ምክር ልንገራችሁ።

ዳባት ተመድቤ በመጣሁበት በመጀመሪያው ክረምት ነው። አንዲት እናት ዶሯቸው ጭር ብላባቸው 13 እንቁላል ሊያሳቅፉ ሲያዘጋጁ ደረስሁ። እንቁላሎቹ ላይ ኩስ ተለጥፏል። እኔም አዲስ ባለሙያ ነኝና "እማማ፣ ይሄማ ቆሻሻ ነው፤ በውሃ አጠብ አጠብ አድርገው ያሳቅፉ" አልኋቸው። እሳቸውም የተማረ ሰው ተናገረ ብለው እሺ አሉ። በቀዝቃዛ ውሃ አጠቡት። ከጓዳው ጥግ፣ መሬት ላይ ጭድ ጎዘጎዙና ዶሮዋን አስቀመጧት። ጭዱ ዝናብ የነካው ነበር። እኔም አይቼ ዝም አልሁ።

በ21ኛው ቀን 3 ጫጩት ብቻ ወጣ። አንዱ እንቁላል ዶሮዋ ሥር ፈንድቶ ቤቱን አገማው። ከቀሩትም አንዳንዶቹ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ ለብሰዋል። ከሦስቱ ጫጩቶች ሁለቱ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላቸው አፋቸውን ከፍተው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ሞቱ። እኒያ እናት አውራዎቹን ለፋሲካ አድርሰው ሊሸጡ፣ ለልጃቸው ጫማና ደብተር ሊገዙ ነበር ያሰቡት። እንቁላሉም ሄደ፣ ዶሮዋም ያን ያህል ጊዜ ሳትጥል ከረመች።

"እጠቢ ብለኸኝ አልነበር ልጄ?" አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥፋቴን በደንብ የተረዳሁት ግን ከዶሮ ቤት አይደለም። መስከረም ላይ ከአንድ አርሶ አደር ጋር የኮምፖስት ክምር ስንገለብጥ፣ ሞቅ ካለው ጎን እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ነጫጭ፣ ረዘም ያሉ እንቁላሎች አገኘን። ቅርፊታቸው እንደ ቆዳ ለስላሳ ነው። የእባብ እንቁላል! ልጆቹ ድንጋይ አነሡ። እኔ ግን አንድ ነገር አየሁና "ቆይ፣ ቆይ" አልሁ። ሁለቱ እንቁላሎች ጨምድደው ሻጋታ እንደ ጥጥ ለብሰዋል። ከእነሱ ጋር የተጣበቁት ሌሎቹ ግን ንጹሕና ሙሉ ናቸው። የሻገተውን በእንጨት ብከፍተው ቢጫ ውሃ ብቻ ነው። ከንጹሖቹ አንዱን ደግሞ አካፋው ቀዶት ነበር፤ ውስጡ ትንሽ እባብ ሲላወስ ታየን።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሻጋታ ብዙውን ጊዜ ቀባሪ ነው እንጂ ገዳይ አይደለም። ቀድሞ የሞተው ላይ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ፍሬ ያልነበረው ላይ ይወጣል። እርጥበትና ሙት ነገር ባገኘበት ይበቅላል። ስለዚህ ሻጋታ ስታዩ መጥረግ ብቻ አይበቃም፤ "ምን ሞተ? እርጥበቱስ ከየት መጣ?" ብላችሁ ጠይቁ።

በኋላ ሳነብ ደግሞ የሁለቱ እንቁላል ጠባይ ተቃራኒ መሆኑን አወቅሁ። የእባብ እንቁላል እርጥብ ቦታ ይፈልጋል፤ ከአካባቢው ውሃ እየጠጣ ያብጣል። ብዙዎቹ እባቦች ጥለው ይሄዳሉ፤ የሚያሞቀው መሬቱ ወይም የሚበሰብሰው ፍግ ነው። በአውሮፓ የፍግ ክምር እየፈለገ የሚጥል የታወቀ እባብ አለ። ዘንዶ ግን እንቁላሏን ተጠምጥማ ትጠብቃለች። የእባብ እንቁላል አይገላበጥም፤ ከተገላበጠ ውስጡ ያለው ሊሞት ይችላል። የዶሮ እንቁላል ደግሞ ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ይጣበቃል፤ ለዚህ ነው ዶሮዋ በቀን ብዙ ጊዜ በመንቁሯ የምታገላብጠው። የዶሮ እንቁላል እስኪፈለፈል ድረስ ከክብደቱ 12 በመቶ ገደማ ውሃ ማጣት አለበት። እኔ ታዲያ ለእባብ የሚስማማውን እርጥብ ቤት ነው ለዶሮ ያዘጋጀሁላት!

በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ እንቁላል ብታገኙ በእጃችሁ አትንኩ። መርዛም ከሆነ ልጁም ከተፈለፈለበት ሰዓት ጀምሮ መርዝ አለው። ልጆችን አርቃችሁ፣ ክምሩን መልሳችሁ አልብሳችሁ ለጥቂት ሳምንት ተዉት። ብዙው እባብ አይጥ እየበላ እህላችንን የሚጠብቅ ነው።

አሁን ወደ ዶሯችን እንመለስ።

መጀመሪያ እንቁላሉን ምረጡ። ቅርፊቱ ላይ በዓይን የማይታዩ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉ። ዶሮዋ ስትጥል በላዩ ላይ ስስ መከላከያ ይደርቅበታል። ስታጥቡት ያ መከላከያ ይሄዳል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ስለሚኮማተር ቆሻሻውን በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይስበዋል። የእኔ ጥፋት ይኼ ነበር። ትንሽ ኩስ ካለበት በደረቅ ጨርቅ ቀስ አድርጋችሁ ፈግፍጉት። በጣም የቆሸሸውን፣ የተሰነጠቀውንና ቅርጹ የተበላሸውን ለማሳቀፍ አታውሉት። ከሁሉ የሚሻለው የምትጥልበትን ቦታ ማጽዳት ነው። ለማሳቀፍ የምታጠራቅሙትን ሹል ጎኑን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ቦታ አስቀምጡ፤ ከ7 ቀን በላይ ባይቆይ ይመረጣል።

ቀጥሎ ቦታው። የዳባትና የደባርቅ ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በክረምት ወለሉም ግድግዳውም ይረጥባል። ስለዚህ መሬት ላይ አታስቀምጡ። ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ በቅርጫት አድርጉት። ከሥር ደረቅ አመድ፣ ከላይ ደረቅ የገብስ ጭድ። ጭዱን ከመጎዝጎዛችሁ በፊት አሽትቱት። የሻጋታ ሽታ ካለው፣ ወይም ስታራግፉት አቧራው ከተነሣ ተዉት። አሁን ደረቅ ቢሆንም አንዴ የሻገተ ጭድ ዘሩን ይዞ ይቆያል። ለአንድ የሀገር ዶሮ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይበቃታል፤ ከክንፏ ውጭ የሚተርፈውን ይበርደዋል። እህልና ውሃ በቅርቧ አድርጉላት፤ በልታ፣ ጠጥታ፣ ኩሷን ጥላ ቶሎ እንድትመለስ።

ሦስተኛው እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ነው! በ7ኛው ቀን ማታ፣ ቤቱ ሲጨልም የስልኩን ባትሪ አብሩ። ካርቶን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አበጁና እንቁላሉን በሰፊው ጎኑ አስደግፉት። እንደ ሸረሪት ድር ቀያይ ሥር ካያችሁ ሕይወት አለው። ጥርት ብሎ ብርሃን ካሳለፈ ፍሬ የለውም። የደም ቀለበት ብቻ ከታያችሁ ጀምሮ የሞተ ነው። የኋለኞቹን ሁለቱን አውጡ። በ14ኛው ቀን ድገሙት። ሙት እንቁላል በጊዜ ከወጣ ሻጋታውም ግማቱም መግቢያ የለውም። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን አትነካኩ፤ ለዶሮዋ ተዉላት።

በመካከል የሻገተ እንቁላል ብታገኙስ? ጠርጋችሁ መልሳችሁ አታሳቅፉ። እንዳይፈነዳ ቀስ ብላችሁ አንሡና ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። ሌሎቹን አታጥቧቸው። ዶሮዋ ለመብላት ስትወጣ ጭዱን በሙሉ ቀይሩት፤ አሮጌውን አቃጥሉ። ይህን ስታደርጉ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ወይም በጨርቅ ሸፍኑ፣ ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ይህን ያህል ማስጠንቀቄ ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለቱን ጫጩቶች አሟሟት አስታወሳችሁ? በሻገተ ጭድና በሻገተ እህል ላይ አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ ይበቅላል። ዱቄቱን ጫጩቷ ስትተነፍሰው ሳንባዋ ላይ ይበቅልና አፏን ከፍታ ታቃስታለች። ከታመመች በኋላ የሚያድን መድኃኒት አገኛለሁ ብላችሁ አትድከሙ፤ መከላከያው ደረቅ ጉዝጓዝ ነው። የሻጋታ ብናኝ የሰውንም ሳንባ ይጎዳል። እዚህ ላይ ሻጋታ ቀባሪ መሆኑ ቀርቶ ገዳይ ይሆናል።

እኒያ እናት እንዴት ሆኑ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ደፍሬ ቤታቸው ለመሄድ ጥቂት ወራት ፈጀብኝ። ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ካለፈ በኋላ ሄድሁና "እማማ፣ ያን ጊዜ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ" አልኋቸው። ትንሽ ዝም ብለው "እንግዲያ ና፣ አብረን እናሳቅፍ" አሉኝ። 11 እንቁላል ሳይታጠብ፣ በደረቅ ጭድ አሳቀፍን። በ7ኛው ቀን በእኔ ስልክ አይተን 2 አወጣን። ከ9ኙ 8 ተፈለፈለ። ጫጩቶቹን እያዩ "ዘንድሮ ውሃውን ለእንቁላሉ ሳይሆን ለዶሮዋ ሰጠኋት" ብለው ሳቁብኝ።

ውድ አርሶ አደሮች፣ ባለሙያ ስለተናገረው ብቻ ነገሩ ልክ ነው አትበሉ። እኔ የነገርኋችሁ ነገር ሥራ ላይ ሲውል ካልሠራ መልሳችሁ ንገሩኝ። ያሳቀፋችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ጭዱን አንዴ አሽትቱት። ሰላም ሁኑ፣ ጫጩቱን ያብዛላችሁ!