ዓይን የሚወጋው ፊልም

በልጅነቴ ደሴ ውስጥ ፊልም በርዕሱ አይጠራም ነበር። ካሴት ሲገለበጥ፣ ከግልባጩም ሲገለበጥ መግቢያው ተበልቶ ያልቃል፤ ባይበላም የሚያነብለት የለም። አክተሩ የታወቀ እንደሆነ «የቫን ዳም»፣ «የቹክ ኖሪስ» ይባላል። ካልታወቀ በውስጡ በሚሆነው ነገር ይጠራል፤ «ሴትዮዋ እባብ የምትሆንበት»፣ «ውሻው የሚበቀልበት» እየተባለ። እኔን ከቪዲዮ ቤት ጋር ያፋቀረኝ ፊልም «ዓይን የሚወጋው» ነበር። እውነተኛ ስሙን ያወቅሁት ጎልምሼ፣ አገር ለቅቄ፣ ጁባ ከገባሁ በኋላ ነው።

ጊዜው 1986 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ቪዲዮ ቤቱ አራዳ ሰፈር፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ነበር። መግቢያው ለአግዳሚ ወንበር ሃምሳ ሳንቲም፣ እኛ መሬት ለምንቀመጠው ስሙኒ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ በር ላይ ወደተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ስለሚያወጡት ስሙኒ ያጣ ልጅ ግድግዳው ሥር ኩርምት ብሎ ፊልሙን በጆሮው ይጨርሰዋል። እንዲያ ሰምቻቸው ኋላ ያየኋቸው ፊልሞች አሉ፤ አንዳቸውም የሰማሁትን ያህል አልሆኑልኝም።

ካሴቱ የመጣው ከጂዳ ነው። ያኔ ከሳዑዲ የሚመለስ የወሎ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶውና ከብርድ ልብሱ ጋር ካሴት አይጠፋም። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ፣ ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ የሚሄድበት ነበር። ጥቁርና ነጭ የሆነበትን ምክንያት ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ አስረዳኝ። ሳዑዲ በዚያ ዘመን የምትሠራው ሴካም በሚባለው የቀለም ሥርዓት ነበር፤ የእኛ አገር ደግሞ ፓል ነው። የሴካም ካሴት ፓል ዴክ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይመጣል፣ ቀለሙ ይቀራል። እኛ ግን ፊልሙ እንዲያ የተሠራ ይመስለን ስለነበር ደሙ ጥቁር መሆኑ ራሱ ያስፈራን ነበር።

ተርጓሚ ነበረን። ጂዳ ሁለት ዓመት ቆይቶ የተመለሰ ጎረምሳ ነው፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የዓረብኛውን ጽሑፍ እያነበበ ወደ አማርኛ ያመጣልናል። ሁሉንም ያነብ ነበር ብዬ አልምልም። ጽሑፉ ከፈጠነበት ከራሱ ይሞላል፤ የሞላውም ከተጻፈው ሳይሻል አይቀርም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰው አልባ የምትመስል ጀልባ ኒውዮርክ ወደብ ትደርሳለች። ጠባቂዎቹ ሲፈትሿት ከውስጥ ወፍራም በድን ተነሥቶ አንዱን ይነክሰዋል። የጀልባዋ ባለቤት ልጅ አባቷን ፍለጋ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ማቱል ወደምትባል ደሴት ትሄዳለች። ደሴቲቱ ላይ ሙታን እየተነሡ ነው፤ አንድ ዶክተርም አለ። ተርጓሚያችን ዶክተሩ ገና ብቅ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሱ ቡዳ ነው፤ የሚያስነሣቸው ለባርነት ነው» አለን።

ቤቱ ጸጥ አለ። ነገሩ ገብቶናላ! ከመንዝ የመጣችው አያቴ ይህንኑ ስትነግረን ነው ያደግነው፦ ቡዳ የበላውን ሰው ከተቀበረ በኋላ ሌሊት ሄዶ ከመቃብር ያወጣዋል፣ ቤቱ ወስዶ ያሠራዋል፣ እንግዳ ሲመጣበት ጭንቅላቱን በበትር መታ አድርጎ እንስራ ያደርገዋል። ሮናልድ ሬሚኒክ የሚባል አሜሪካዊ አጥኚ መንዝ ላይ ይህን እምነት ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትሞታል፤ ሳነበው የአያቴን ድምፅ የሰማሁ ያህል ነው የሆንኩት። እና ለደሴ ልጅ ዞምቢ ባዕድ ነገር አልነበረም፤ ስሙን አናውቀውም እንጂ ሥራውን እናውቀዋለን። ያን ቀን ቤት ገብቼ ጓዳ ያለውን እንስራ ዞሬ ነው ያለፍኩት።

ከዚያ ሻርኩ መጣ። ባሕር ውስጥ የሞተ ሰው ከሻርክ ጋር ይታገላል! ክንዱን ሲነጥቀውም አይለቅም። አግዳሚው ላይ የነበሩት ትልልቆቹ ሁለት ተከፍለው ይወራረዱ ነበር። ከሻርኩ በኋላ ዓይኗ።

የዶክተሩ ሚስት በሩን ከውስጥ ትዘጋለች። እጅ የበሩን እንጨት ሰብሮ ይገባና ፀጉሯን ይይዛታል። ከተሰበረው እንጨት አንድ ስንጣሪ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ቀርቷል። እጁ ይስባታል፤ ቀስ እያለ ነው የሚስባት፣ ምንም አይቸኩልም። ከኋላ አንዱ «ኧረ በአላህ ዞር በይ!» ብሎ ጮኸ። ልክ ስንጣሪው ሊደርስ ሲል ቴሌቪዥኑ በነጭ መስመር ተሞላ። ዴኩ ጮኸ፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሲመለስ ሴትዮዋ ሞታለች። ካሴቱ ከጂዳ እስከ ደሴ በእጁ የገባ ሰው ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ እያቆመ፣ እየመለሰ አይቶት ቴፑ አልቆ ነበር። «ዓይን የሚወጋው» የተባለውን ፊልም ደጋግሜ ብገባም ዓይኑ ሲወጋ አንድም ቀን አላየሁም። ያየ የለም። ሁላችንም ግን በየፊናችን እንተርከው ነበር፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም።

አሁን የምኖረው ጉምቦ ነው፤ ከጁባ ነጭ ዓባይን ተሻግሮ፣ ወደ ኒሙሌ የሚወስደው አስፋልት ላይ። ምግብ ቤትና ጥቂት አልጋ አለኝ። ደንበኞቼ ከዩጋንዳና ከኬንያ ዕቃ ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች፣ የውሃ ቦቴ የሚነዱ ሐበሾች፣ ሽሮ የለመዱ የአገሩ ልጆች ናቸው። አንድ ምሽት ስልኬ ላይ እንዲሁ የሻርኩን ነገር ስፈልግ ወጣልኝ፦ «ዞምቢ 2»፣ እ.ኤ.አ. 1979፣ ዳይሬክተሩ ሉቺዮ ፉልቺ። ጣልያን! አሜሪካኖች ናቸው ብዬ ነበር የኖርኩት፤ እንግሊዝኛ ያወራሉ፣ ኒውዮርክ አለ። ደሴ ላለው አጎቴ ደውዬ ስነግረው፣ «በ28 ከተማችን የገባው ጣልያን ነው ሙታን የሚያስነሣው? ታዲያ ምን ይገርማል!» አለኝና ስለ ዝናቡ ማውራት ቀጠለ።

«2» የተባለው ክፍል አንድ ኖሮት አይደለም። የአሜሪካዊው ጆርጅ ሮሜሮ ፊልም ከአንድ ዓመት በፊት ጣልያን አገር «ዞምቢ» ተብሎ ወጥቶ ገበያ ስላገኘ ፕሮዲውሰሮቹ የራሳቸውን ሁለተኛ ክፍል አሉት። ፉልቺ ራሱ ቀደም ሲል ብዙ ኮሜዲ የሠራ ሰው ነው። እንግሊዝ አገር ፖሊስ ካሴቱን ከየሱቁ ይለቅም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የቪዲዮ ሕግ መነሻ ከሆኑት ፊልሞች አንዱ ይኸው ነው። የለንደን ጎረምሳ እንዳያየው ሕግ የወጣበትን ፊልም የደሴ ልጅ በስሙኒ መሬት ተቀምጦ አየው ማለት ነው።

ብሉ አንደርግራውንድ የሚባል የአሜሪካ አከፋፋይ ከመጀመሪያው ኔጌቲቭ በፎር ኬ አድሶ እ.ኤ.አ. በ2018 በብሉሬይ አወጣው። ዳላስ ያለ ዘመዴን ለምኜ፣ በአዲስ አበባ በኩል በሚያልፍ ሰው እጅ ጁባ ደረሰልኝ። የእህቴ ልጅ ፕሌይስቴሽን አለው። ጄኔሬተሩን አስነሥተን፣ ኳስ የምናሳይበትን ትልቁን ቴሌቪዥን ወደ ግቢው አውጥተን ከፈትነው።

ባሕሩ ሰማያዊ ነው! እኔ ያን ባሕር ሠላሳ ዓመት ግራጫ አድርጌ ነው ያኖርኩት። ፊልሙ ወደ ጎንም ሰፋ፤ የደሴው ካሴት ለቴሌቪዥን እንዲበቃ ግራና ቀኙ ተቆርጦ ነበርና ከጎን ቆመው ሲያወሩ የነበሩ ሰዎች አሁን ፊት አገኙ። ጣልያኖቹ ፊልሙን ያነሡት ቴክኒስኮፕ በሚባል ዘዴ ነው፤ አንዱ ምስል በአራት ቀዳዳ ቁመት ፋንታ በሁለት ስለሚነሣ የጥሬ ፊልሙ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል። ሰርጂዮ ሊዮኔም የካውቦይ ፊልሞቹን እንዲሁ ነው ያነሣው። ምስሉ ደቃቅ ስለሆነ ሲያጎሉት አሸዋማ ይሆናል፤ ያ አሸዋነቱ ሳይፋቅ ተትቶለታል፤ ደስ አለኝ። ሙታኑ ፊት ላይ ደርቆ የተሰነጠቀው ጭቃ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጃኔቶ ዴ ሮሲ የሚባለው የሜካፕ ባለሙያ የሠራቸው ናቸው። የስፔን ወራሪዎች መቃብር ተከፍቶ ዓይኑ በትል የተሞላው ሲነሣ፣ ትሉ ሲንቀሳቀስ ያየ የቦቴ ሾፌራችን ሳህኑን ገፋ አደረገ።

ዩጋንዳዊው ደንበኛዬ ግን ከጅምሩ ደስ አላለውም። «ቪጄው የት አለ?» ይላል። እነሱ አገር ፊልም ሲታይ ቪጄ የሚባል ሰው በሉጋንዳ እየተረጎመ፣ እየቀለደ፣ ሲያሻው አክተሩን እየሰደበ አብሮ ይሄዳል፤ እዚህ ጉምቦም በየቪዲዮ አዳራሹ የሚሰማው የእነሱ ድምፅ ነው። ያለ ቪጄ ፊልም አይገባውም። ይህን ሲል እኔም ተነሥቼ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆምኩ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ የጁባ ዓረብኛ ቀጠልኩ። ዶክተሩ ብቅ ሲል ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፦ «ይሄ ሰውዬ ቡዳ ነው። ለባርነት ነው የሚያስነሣቸው።»

«ጋሼ፣ እንደሱ አላለም እኮ!» አለ የእህቴ ልጅ። እንግሊዝኛ ያውቃል፣ የሚያወሩትን ይሰማል። እውነቱን ነው። የታደሰውን ቅጂ ብቻዬን ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ምስኪኑ ዶክተር በሽታውን ለማቆም የሚደክም፣ እንቅልፍ ያጣ ሐኪም ነው። እኛ አገር ሸክላ ስለሠራች፣ ብረት ስለቀጠቀጠ ብቻ ቡዳ የተባለ ስንት ምስኪን እጀ ብልህ አለ፤ ዶክተሩም ደሴ ሲደርስ እንደነሱ ሆነ። ቢሆንም «ዝም በል» አልኩት። ዩጋንዳዊው ወደፊት ተጠግቶ ነበር፤ እሱም አገር የሞተ ሰው የሚያሠሩ አሉ አለና ጀመረ፤ የቦቴው ሾፌር ከወለጋ የሰማውን አከለበት፤ ሻርኩ ማንም ሳያየው አለፈ፤ ወደኋላ መለስነው። ከዞምቢው ጋር የሚታገለው ሻርክ እውነተኛ ነው፤ ዞምቢ ሆኖ የታገለውም ራሞን ብራቮ የሚባል ሜክሲኳዊ ጠላቂ ነው። ውርርድ እንደገና ተጀመረ።

ዓይኑ አሁን ሙሉውን ይታያል። ስንጣሪው ይገባል፣ ካሜራው ፊቱን አያዞርም። ልብ ብሎ ላየው የመጨረሻው ጭንቅላት የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ዴ ሮሲ ግሩም አድርጎ ነው የሠራው፤ ትዕግሥቱ፣ ያ አለመቸኮሉ አሁንም ጥርስ ያስነክሳል። ለእኔ ግን የሚያስፈራው ነጩ መስመር ነው። እሱን የሚያድስልኝ የለም፤ ካሴቱ የት እንደደረሰም የሚያውቅ የለም።

መጨረሻው ላይ ሙታኑ ኒውዮርክ ገብተው በብሩክሊን ድልድይ ላይ ይሄዳሉ። ከእግረኛው መንገድ ሥር ደግሞ መኪኖቹ እንደ አዘቦቱ ይፈሳሉ፤ አንድም የቆመ የለም። መንገዱን የማስዘጋት አቅም እንዳልነበራቸው ያስታውቃል። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ይህ እንኳ ጉምቦ ላለ ሰው ትርጉም አያሻውም። እ.ኤ.አ. በ2022 በጃፓን እርዳታ አዲሱ ድልድይ እስኪከፈት ድረስ ሁላችንም ጁባ የምንገባው በአንድ አሮጌ የብረት ድልድይ፣ በቦዳ ቦዳ ሞተርና በከባድ መኪና መሐል እየተሹለከለክን ነበር። «እነዚህ በኛ ድልድይ ቢመጡ፣» አለ ዩጋንዳዊው፣ «ቦዳዎቹ ከበው ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ለመድረስ ስንት ትከፍላላችሁ ይሏቸው ነበር።»

ከዚያ የእህቴ ልጅ ዲስኩን እያወጣ፣ «ቆይ ጋሼ፣ ይሄ ሁለት ከሆነ አንዱ የት አለ?» አለኝ። አስረዳሁት፤ አላመነኝም። ዳላስ ደውሎ እያስፈለገው ነው።