ቤታችን ተዛወረ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ተዘግቶ ወደ ጉደር ስንመለስ ሦስት ነበርን። ሦስታችንም በአንድ ሰፈር ያደግን፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተማርን፣ አሁንም በአንድ መኝታ ክፍል የምንጨናነቅ ነን። ስለዚህ እዚህ ላይ «እኛ» ስንል በሰፊው ሕዝብ ስም መናገር ከጅሎን አይደለም፤ ነገሩ የደረሰው በሦስታችን ላይ ስለሆነ ነው።

ጉደርን ላላየ አንባቢ፦ ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ በነቀምቴ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ስሟን ከወንዟ ጋር የምትጋራ ትንሽ ከተማ ናት። ፏፏቴም አላት። የአዲስ አበባ ልጆች ግን የሚያውቋት በጠርሙስ ነው። «ከየት ናችሁ?» ብለውን «ከጉደር» ስንል «ኧረ! ከቀዩ ወይን አገር!» የማይለን ጥቂት ነው። እኛም ስቀን እናልፋለን። ምን እናድርግ፤ በመጥፎ ነገር ከመታወቅ በወይን መታወቅ ይሻላል።

በመጣን በሦስተኛው ቀን መታወቂያችንን ልናሳድስ ወደ ቀበሌ ሄድን። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ መንገዱ ጭቃ ነው። ወረፋ ይዘን፣ ተራችን ሲደርስ ስማችንንና የቤት ቁጥራችንን ሰጠን። ጸሐፊው የአንዳችንን ማህደር ወዲያው አገኘው። የሁለታችንን ፈለገ፣ ፈለገና ቀና አለ።

«የእናንተ ማህደር እዚህ የለም።»

«የት ሄዶ?»

«ተዛውሯል። ቤታችሁ ወደዚያኛው ቀበሌ ተዛውሯል።»

ተያየን። ጠዋት ቁርስ የበላንበት ቤት ነው። ሳቃችን መጣ። ጸሐፊው ግን አልሳቀም። ለእሱ ቤት ማለት ማህደር ነው፤ ማህደሩ ከሄደ ቤቱም ሄዷል። ኋላ ሲያስረዳን ነገሩ ገባን። የቀበሌዎቹ ወሰን እንደገና ተሰምሮ ከመንገዱ በታች ያለው የሰፈራችን ግማሽ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ተቀላቅሏል፤ ከመንገዱ በላይ ያለው በቦታው ቀርቷል። የሁለታችን ቤት ከበታች ነው፣ የአንዳችን ከበላይ።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» አልን።

«ቆይቷል።»

«ማን ወሰነው?»

«ከላይ የመጣ ነው።»

«የቀበሌው ምክር ቤትስ ምን አለ?»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ አየን። «የትኛው ምክር ቤት?» አለ።

ለማሾፍ አልነበረም። ከልቡ ነው የጠየቀው። አንዳችን ታድሶለት፣ ሁለታችን ባዶ እጃችንን ወጣን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን የመታወቂያው ጉዳይ አይደለም፤ እሱ በማግስቱ አለቀ። ያስጻፈን ያ ጥያቄ ነው።

በመንገዳችን ቁጭ ብለን ሒሳብ አሰላን። በአገራችን የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ እኛ ገና የማባዛት ሰንጠረዥ የምንሸመድድ ልጆች ነን። ከምርጫው የምናስታውሰው ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ቀኑን ሙሉ ወንዝ ዳር መዋላችንን ብቻ ነው። የሚቀጥለው በ2010 መሆን ሲገባው ተራዘመ፤ ዳግመኛ ተራዘመ። ሰኔ 2013 ላይ ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሲመጣ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት የሚሆን ወረቀት ይዞ መጣ፤ የቀበሌው ወረቀት አብሮ አልመጣም። እንግዲህ እኛ ጢም አበቀልን፣ ዩኒቨርሲቲ ገባን፣ ስለ አቴናና ስለ ሮማ ምክር ቤቶች ፈተና ጻፍን፤ የሰፈራችንን የውሃ ቦኖ ጉዳይ የሚነጋገር ሰው ግን አንድ ቀን መርጠን አናውቅም።

ማታ ወደ ጎረቤታችን ወደ አንድ አባት ቤት ሄድን። አባባ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን ተሻግሯል። የሆነውን ስንነግራቸው እሳቸው ሳቁ። በኦሮምኛ ያሉትን ወደ አማርኛ ስንመልሰው እንዲህ ነው፦

«እኔ ከዚህ ግቢ ወጥቼ ኖሬ አላውቅም። አድራሻዬ ግን ብዙ አገር ዞሯል።»

እውነታቸውን ነው። በንጉሡ ጊዜ አገሩ ጅባትና ሜጫ አውራጃ ይባል ነበር፤ አምቦም በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ነበረች። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ቢያንስ 800 ሄክታር በሆነ መሬት ላይ ገበሬ ማኅበር ይቋቋም ተባለ። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና የትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ፤ የከተማው ሰውም በቀበሌ ተደራጀ። ኋላ ምዕራብ ሸዋ መጣ። ከዚያ ደግሞ ከአምቦ ወረዳ ተከፍሎ ቶኬ ኩታዬ ወረዳ ተፈጠረ፤ ጉደርም ዋና ከተማው ሆነች። ይህ ሁሉ ሲሆን የአባባ በር ያው ወደ ምሥራቅ ነው የሚከፈተው።

«የመጀመሪያው መስመር ሲሰመር ግን ጠይቀውናል» አሉን። «ተማሪዎች ናቸው የጠየቁን። እንደናንተ ያሉ፣ ጫማቸው ጭቃ የማይችል።»

ይህን ስንሰማ ጆሯችን ቆመ። የዕድገት በኅብረት ዘማቾችን ማለታቸው ነው። በዚያ ዘመን ከዩኒቨርሲቲና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ወደ ገጠር ተልከው ገበሬ ማኅበር ሲያደራጁ ነበር። አባባ እንደሚሉት ወደ እነሱ የመጡት ልጆች ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ያነሱት ጥያቄ ሦስት ነው፦ ከብት የምታጠጡት የት ነው? የምትገበያዩት የት ነው? የምትቀብሩት የት ነው? በመልሱ መሠረት ወሰኑን አስቀመጡት። ከዚያ ሰው ተሰብስቦ እጁን እያወጣ መረጠ።

«እንዴት ደስ ይላል!» አልናቸው።

«ቆዩ እንጂ፤ አልጨረስኩም» አሉ።

የቀረውን በአጭሩ ነገሩን፤ እኛም በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌ የሚለው ቃል የአብዮት ጥበቃና የእስር ቤት ስም ሆነ። «እጃችንን አውጥተን የሾምነውን ሰው እጃችንን አውጥተን ማውረድ አልቻልንም» አሉ አባባ። ይቺን ቃል ይዘን ወጣን።

በማግስቱ ደግሞ የአንዳችንን እናት ጠየቅን። እሳቸው ሚያዝያ 2000 ላይ በተደረገው ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባል የነበሩ ናቸው። ለእኛ ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ምርጫ ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ቶኬ ኩታዬ ራሱን ችሎ ተቆጥሯል፤ በዓመቱ ደግሞ የአካባቢ ምርጫ መጣ። አዲስ ወሰን፣ አዲስ ምክር ቤት። በወረቀት ላይ ሲያዩት የሚያምር ነገር ነው። ግን በዚያው ጊዜ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ነበር፤ በመላ አገሪቱ ወደ 3.6 ሚሊዮን መቀመጫ መሆኑ ነው። አንባቢ ያስብ፤ ለአንድ ቀበሌ ብቻ 300 እጩ ማቅረብ የሚችል የትኛው ተቃዋሚ ፓርቲ ነው? ኅብረትም፣ የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ንቅናቄም ከምርጫው ወጡ። ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ99 ከመቶ በላይ ያዙ።

«ስብሰባውስ እንዴት ነበር?» አልናቸው።

«አዳራሹ አይበቃንም ነበር» አሉ እናታችን፣ ቡናውን እየቀዱ። «ግማሻችን ውጭ ቆመን ነው የምንሰማው። ውስጥ ያሉት እጅ ሲያወጡ እኛም በመስኮት አይተን እናወጣለን።»

«ለምን እንደምታወጡ ታውቁ ነበር?»

«አንዳንዴ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት።

ወሰን የሚሰምር እጅ ምርጫንም ሊሠራ እንደሚችል ዓለም ያውቃል። በእንግሊዝ አገር ኦልድ ሳረም የሚባል፣ ነዋሪ የሌለበት ጉብታ እስከ 1832 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለት እንደራሴ ወደ ፓርላማ ይልክ ነበር። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በ1812 እ.ኤ.አ. ገዢው ኤልብሪጅ ጌሪ የፈረሙበት የምርጫ ክልል ካርታ ቅርፁ እንሽላሊት መሰለና ጋዜጦች መሳለቂያ አደረጉት፤ ስማቸውም እስከ ዛሬ የዚያ ዓይነት ተንኮል መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እዚያ ሰዎቹ መስመሩን ያጣመሙት ምርጫው ስለሚመጣ ነው። ድምፁን ስለፈሩት ነው። የእኛው ግን ሌላ ነው። የእኛ መስመር ቢሄድም ቢመጣም ምርጫው አይከተለውም፤ የሚከተለው ማህደር ነው። ድምፃችንን ሊሰርቀን እንኳ የደከመ ሰው የለም።

መስመር ግን ቀላል ነገር እንዳልሆነ የአምቦና የአካባቢዋ ሰው ጠንቅቆ ያውቃል። ሚያዝያ 2006 ላይ የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሲሰማ የአምቦ ተማሪዎች ወጡ፤ ሕይወት ጠፋ። ጥር 2008 ላይ ፕላኑ ቀረ ተባለ። እኛ በዚያን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ነበርን፤ በር ተዘግቶብን የዋልንባቸውን ቀናት አንረሳም። ያኔ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ባጭሩ ሲነገር ይኸው የእኛው ጥያቄ ነበር፦ መስመሩን ስታሰምሩ እኛን ማን ጠየቀን?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚያ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ዝቅተኛው እርከን እንግዲህ ያ ጭቃ የረገጥንበት ቢሮ ነው።

የአንባቢን ልብ ለማድማት ብቻ አልጻፍንም። ልንመለስ አንድ ሳምንት ሲቀረን የሰፈራችን እድር ተሰበሰበ። ቀበሌው ለሁለት ስለተከፈለ አንዳንዶች «እድሩም ይከፈል፤ ድንኳኑንና ወንበሩን እንካፈል» የሚል ሐሳብ አመጡ። ጉዳዩ ከባድ ነበር፤ ማህተም የሚገኘው በቀበሌ በኩል ነው፣ ሁለት ቀበሌ ያለው እድር ደግሞ ነገ ችግር ይገጥመው ይሆናል። እኛን ጽሕፈት ስለምንችል ቃለ ጉባኤ ያዙ አሉን። ያዝን።

ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ተከራከሩ። መጀመሪያ የገንዘብ ያዡ ሒሳብ ተነበበ፤ 200 ብር ጎደለ። ከሦስት ሰዎች ጋር ተቀምጦ ቢቆጠር አልሞላ አለ። ገንዘብ ያዡ በዚያው ሰዓት ወርዶ ሌላ ተመረጠ፤ ማንም ጠመንጃ አልያዘም፣ ማንም ከላይ አልጠበቀም። አባባን አየናቸው፤ አዩን። ከዚያ የመከፈሉ ጉዳይ ለድምፅ ቀረበ። ከመንገዱ በላይም፣ ከመንገዱ በታችም ያሉት እጃቸውን አወጡ። እኛ እየዞርን ቆጠርን። ሲቆጠር 61 ሰው «አይከፈል» አለ፤ 14 «ይከፈል» አለ፤ እነዚያ 14ቱም ውሳኔውን ተቀብለው ወርኃዊ መዋጮአቸውን ከፍለው ሄዱ።

በሕይወታችን ያየነው የሰፈር ምርጫ ይህ ነው። እድር መንግሥት አይደለም፤ መንገድ አይጠርግም፣ ውሃ አያስገባም፣ መታወቂያ አይሰጥም። እድር ስላለን የቀበሌው ምርጫ ይቅርብን የሚል ካለ አልተግባባንም። ነገር ግን ሕዝቡ መምረጥ፣ ማውረድና መሸነፍ አያውቅም የሚል ሰው ቢመጣ ቃለ ጉባኤውን እናሳየዋለን። ወሰን የሰው የሚሆነው በውስጡ ያለው ሰው ሾሞ ማውረድ ሲችል ነው። ያ እስኪሆን ድረስ መስመሩ የማህደር አጥር ነው።

አደራ የምንላችሁ አንድ ነገር ነው። እናንተም ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትገቡ ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ «ምክር ቤታችን የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ጽፋችሁ አምጡልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ቃለ ጉባኤውን ስንጨርስ አንድ ነገር ቸግሮን ነበር። ራስጌው ላይ የቀበሌ ስም ይጻፋል። የትኛውን እንጻፍ? የበላዩን ብንጽፍ የበታቹ ቅር ይለዋል፤ የበታቹን ብንጽፍ የበላዩ። ዳኛውን ጠየቅናቸው። ትንሽ አሰቡና «ቦታውን ክፍት ተዉት» አሉን። «ጉደር ብቻ በሉ።»

ጉደር ብለን ጻፍን።