የአድዋው ጠመንጃችን

ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የመንደሩንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ክፍሌ ውስጥ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የአድዋ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ አንዲት የማልተዋት ንግግር ነበረችኝ። "እኛ ቤት አድዋ የዋለ ጠመንጃ አለ። ቅድመ አያቴ ከጣልያን እጅ ማርኮ ያመጣው!" እላለሁ። ከኋላ የሚተኛው ልጅ ሳይቀር ቀና ይላል። አንዳንዶቻችሁ "ቲቸር ፎቶውን አሳየን" ብላችሁ ስንት ጊዜ ለምናችሁኛል።

ዛሬ ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። ጠመንጃው አድዋ አልዋለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ለተዝካሩ ሰሜን ሸዋ ገጠር ገባን። ድግሱ አልቆ እንግዳው ሲበተን ቤተሰቡ ስለ ንብረት መነጋገር ጀመረ። መሬቱ በቀላሉ አለቀ፣ ከብቱም አላጣላንም። ያጣላን ጠመንጃው ነው።

የአጎቴ ልጅ ገዢ አግኝቷል። ሰውየው የሁለት በሬ ዋጋ እሰጣለሁ ብሎታል። ልጁ ባጃጅ ለመግዛት ቅድሚያ ክፍያ እየሰበሰበ ነው፤ ሥራ የለውም፣ ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። አልፈርድበትም። አጎቴ በበኩላቸው "የአድዋ ጠመንጃ በሁለት በሬ? አዲስ አበባ ብንወስደው፣ ፈረንጅ ቢያየው ስንት ያወጣል!" ባይ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። "አንተ የታሪክ መምህር ነህ። ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያወጣ አጣርተህ ንገረን" ተባልኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ስለ ጠመንጃ የማውቀው መጽሐፍ ላይ ያለውን ብቻ ነበር። ግን እምቢ ማለትም አፈርኩ።

መጀመሪያ ያደረግነው ጥይት እንደሌለው ማረጋገጥ ነው። አጎቴ ከፍተው አዩ፣ እኔም አየሁ፣ ደግመን አየን። "አሮጌ ነው፣ አይሠራም" እየተባለ ስንት ልጅ ጠፍቷል! ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ከሁሉ በፊት እሱን አድርጉ።

ከዚያ ፎቶ አንስቼ አሜሪካ ላለ የድሮ ተማሪዬ ላክሁለት። ልጁ እዚያ የጥንት መሣሪያ ሰብሳቢዎችን ያውቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ ቀርበው እንደነበር ያወቅሁትም ከእሱ ነው። ያኔ የላከልኝን ፎቶዎች ሳይ ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም። ሰደፋቸው የተሰነጠቀ፣ በጠፍርና በሽቦ የታሰረ፤ የአገሬ ሰው እጅ ያረፈበት ሁሉ ተደርድሮ ዋጋ ተለጥፎበታል።

በስልክ ብዙ አስተማረኝ። ለካ የአያቶቻችን ጠመንጃ ስሞች ራሳቸው የታሪክ መጽሐፍ ናቸው። ሰናድር የምንለው እንግሊዝ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት የታጠቀው ስናይደር ነው። በ1868 ጉንደትና ጉራ ላይ የተሸነፈው የግብጽ ጦር ረሚንግተን ይዞ ነበር፤ ከዚያ የተማረከው ሰሜኑን ሁሉ አስታጠቀ። ውጅግራ ማለት የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ ነው፤ ባላገሩ በአፉ አሽቶ አሽቶ የራሱ አደረገው። ቤልጅግ ደግሞ ከስሙ እንደምትሰሙት የቤልጅግ አገር ሥራ ነው፤ ኤርስታል ከሚባል ከተማ የመጣ ሞዘር። አንዳንዱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበታል።

እኛ ቤት ያለውን ግን ሁሉም ምንሽር ነው የሚለው። ምንሽር ማንሊከር ከሚለው የኦስትሪያ ሰው ስም የመጣ ነው። ተማሪዬ ፎቶውን አይቶ "ቲቸር፣ ይሄ ማንሊከር አይደለም። ካርካኖ ነው፣ የጣልያን" አለኝ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። "ጣልያን! አላልኳችሁም!"

ልጁ የእርሳስ ዘዴም አሳየኝ። ውጅግራና የዘመኑ ጠመንጃዎች አፈሙዛቸው 11 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ተራ የትምህርት ቤት እርሳስ ገብቶ ይወዛወዛል። ካርካኖ ግን 6.5 ሚሊሜትር ነው፤ እርሳሱ አይገባም። ከኪሴ እርሳስ አውጥቼ ሞከርኩ። አልገባም። ጥይቱም አንድ በአንድ ሳይሆን ስድስቱ በአንድ የብረት ማቀፊያ ታቅፎ ከላይ ይገባል፤ የመጨረሻዋ ስትጎርስ ባዶው ማቀፊያ በታች በኩል ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። ይህ አሠራር ከማንሊከር የተወሰደ ነው፤ ፈረንጆቹ ራሳቸው ጠመንጃውን ማንሊከር ካርካኖ የሚሉበት ጊዜ አለ። እና ምንሽር ያለው ባላገር ብዙም አልተሳሳተም ማለት ነው። እኔ ነኝ ላርመው የቸኮልኩት።

"ሞዴሉ የስንት ዓመት ነው?" አልኩት።

"1891።"

በእነሱ 1891 ማለት አድዋ ከመድረሱ አምስት ዓመት በፊት ነው። አጎቴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። የአጎቴ ልጅ ሳይቀር "እንግዲህ ዋጋውን ጨምሩ" አለ። እኔም ልቤ ሞቀ፤ ስንት ዓመት ተማሪ ፊት የማልኩበት ነገር እኮ ነው!

ልጁ ግን "ቲቸር፣ የሞዴሉ ዓመትና የተሠራበት ዓመት ይለያያል። ካርካኖ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ተሠርቷል። በርሜሉ ላይ ያለውን ማህተም አንብብልኝ" አለኝ።

በርሜሉ ከእንጨቱ ጋር የሚገናኝበት ወፍራም ቦታ ጥቁር ነበር፤ የስንት ዓመት ቅባትና ጭስ ተጋግሮበታል። የአጎቴ ልጅ ብርጭቆ ወረቀት ሊያመጣ ሲነሳ ተማሪዬ በስልክ ጮኸ፦ "እንዳታስነኩት!" ለካ ሰው አሮጌ መሣሪያ ሊሸጥ ሲል አሳምሬ ላቅርበው ብሎ ያብሰውና ዋጋውን ይገድለዋል። ሰብሳቢ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ቀለም፣ ያልተፋቀ ማህተም፣ ያልተቀየረ እንጨት ነው። ቁጥር የተመታባቸው ክፍሎች ካሉት ቁጥራቸው አንድ መሆኑንም ያያል። እኛ በለስላሳ ጨርቅና በትንሽ ዘይት ብቻ አበስነው። ከዚያ ቤቱን አጨልመን የስልኬን መብራት ከጎን አበራሁበት። ፊት ለፊት ስታበራ ምንም አይታይም፤ ከጎን ሲሆን ግን ጎድጓዳው ጥላ ይይዝና ፊደሉ ብቅ ይላል።

ኤፍ፣ ኤን፣ ኤ። ብሬሺያ። 1936። ቀጥሎ ደግሞ የሮማ ቁጥር፤ ኤክስ፣ አይ፣ ቪ። አሥራ አራት።

ለተማሪዬ ሳልደውል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ይህንን ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልገኝም፤ የማስተምረው ነው። ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ሲይዝ ዘመኑን ከራሱ መቁጠር ጀመረ። አሥራ አራተኛው የፋሺስት ዓመት ከ1935 ጥቅምት መጨረሻ እስከ 1936 ጥቅምት መጨረሻ ነው። በእኛ 1928 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ወረራ ማለት ነው። ጠመንጃው ሲሠራ አድዋ 40 ዓመት አልፎታል። እንዲያውም አድዋ ላይ ከነበረው የጣልያን ወታደር ብዙው የያዘው ከካርካኖ በፊት የነበረውን ቬተርሊ ነበር።

ቅርጹም ይመሰክራል። ከአንድ ሜትር ያጠረ፣ ሳንጃው አፈሙዙ ላይ የሚታጠፍ፣ ለፈረሰኛ የተሠራ ነው። ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ ልብ አላልኩትም።

ዋጋውን እንደተባልኩት አጣራሁ። አሜሪካ ቢሆን ካርካኖ ከአሮጌ የጦር ጠመንጃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ተሠርቶ፣ ከጦርነቱ በኋላ በመርከብ ተጭኖ የተቸበቸበ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 እ.ኤ.አ. የተገደሉበትም ካርካኖ በፖስታ ታዝዞ የተገዛው ከነመነጽሩ በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። በዚያ ላይ እዚያ አገር ከ1899 በፊት የተሠራ መሣሪያ በፌዴራሉ ሕግ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚታይ ሰብሳቢ ይሻማበታል፤ የእኛው ግን ከዚያ በ37 ዓመት ይዘገያል። ሰደፉንም የመንደር አናጢ ቀይሮታል። በሰብሳቢ ዓይን ጥቂት መቶ ዶላር ካወጣ ትልቅ ነገር ነው። ያውም እዚያ ቢሆን፤ ከዚህ ማውጣት አይታሰብም።

እዚህ አገር ደግሞ የዋጋው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ጥይቱ ይገኛል ወይ?" የሁለት በሬ ዋጋ የሚሰጠው ሰውዬ አድዋንም ማህተሙንም አይፈልግም። የሚፈልገው የሚተኩስ ነገር ነው። በማን ላይ? እሱን እኔ አላውቅም፤ ጊዜውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ በአዋጅ 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው። ፈቃዱ የነበረው በአባቴ ስም ነው፤ አባቴ ደግሞ የለም።

ማታ እሳት ዳር ሁሉንም ነገርኳቸው። አጎቴ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ "እንግዲያ አባቴ ዋሽቶናል?" አሉ። ያቺ ጥያቄ አንጀቴን በላችው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው እንደ ሕፃን ነው የጠየቁኝ። ምን ነበር ዝም ብል ኖሮ? ማን ይጠይቀኝ ነበር?

የመለሱላቸው እማሆይ አክስቴ ናቸው፤ የአያቴ የበኩር ልጅ። ዘጠና አልፏቸዋል፤ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው መቁጠሪያቸውን ይዘው ነበር። የተኙ ነበር የመሰለን።

"አልዋሸም። ሸሸገ እንጂ" አሉ።

ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ። አያቴ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር ጫካ ነው። አንድ ሌሊት ይህን አጭር ጠመንጃ ይዞ መጣና ለእናታቸው ሰጠ፤ ጎተራ ውስጥ እህል ስር ተቀበረ። የማረከው ግን ከጣልያን እጅ አይደለም። ከባንዳ ነው። ባንዳው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለ፣ አብረው ከብት የጠበቁ፣ አያቴ በስሙ የሚያውቀው ሰው። በዚያ ሌሊት ሞተ።

ጣልያን ወጣ። የሟቹ ልጆች ግን እዚያው ናቸው። የት ይሄዳሉ? በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። "ይሄ ጠመንጃ ከየት መጣ?" ሲባል አያቴ ምን ይበል? "ከአባታችሁ" ይበላቸው? አንድ ቀን "የአባቴ ነው፤ ከአድዋ ያመጣው" አለ። በቃ። አድዋ ላይ የሞተው ጣልያን ልጅ እዚህ የለም፤ ማንም አያዝንም፣ ማንም ቂም አይዝም። ልጆቹም ይህንኑ ሰምተው አደጉ፤ የማዶዎቹም እንዲሁ። ዛሬ ሰርግ እንጠራራለን፤ አንዷማ የእኛው ምራት ናት።

እማሆይ ይህን ሲጨርሱ ማንም አልተናገረም። በኋላ አጎቴ ተነሥተው ጠመንጃውን አነሱና አገላብጠው አዩት። "እንግዲያማ የራሱ የአባቴ ነዋ" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅሮ ነበር።

አልሸጥነውም። በሁለተኛው ቀን ወረዳ ሄደን የባለፈቃዱን ሞት አሳወቅን፤ በአጎቴ ስም እንዲዞር ጠይቀናል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው። ለባጃጁ ወንድሞችና እህቶች ካለን ላይ አዋጣን፤ ግን የሁለት በሬ ዋጋ አልሞላም። የአጎቴ ልጅ እስካሁን አኩርፎኛል። "በሆድ ያለ ሰው ታሪክ አይበላም" ብሎኝ ነው የሄደው። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

ይህን ከመጻፌ በፊት እማሆይን ደውዬ አስፈቅጃለሁ። "ስም ካልጠራህ ጻፈው። አሁንም ወንድም ወንድሙን እየገደለ አይደል፤ ይማሩበት" አሉኝ።

እና ተማሪዎቼ፣ ለስንት ዓመት ያወራሁላችሁን ዛሬ አርሜያለሁ። ጠመንጃው የ1928 ነው። አድዋ አልዋለም። ቅድመ አያቴ አድዋ ዘምቷል ይባላል፤ ምን ይዞ እንደዘመተ ግን የሚያውቅ ሰው የለም። የአያቴን ታሪክ ደግሞ እስካሁን አላስተማርኩም። በሚቀጥለው ዓመት ምዕራፉ ሲደርስ እንዴት አድርጌ እንደምናገረው ከአሁኑ እያሰብኩ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከማዶ የመጣ ልጅ ይኖር ይሆናል።

እናንተም ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይ ጨርቅ የተጠቀለለ ካለ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ ሕጉን ጠብቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፣ ማህተሙን ከጎን በመብራት አንብቡ። ከሁሉ በፊት ግን ጥግ ላይ የተቀመጡትን እናት ጠይቁ። ብረቱ ይቆያል፤ እሳቸው ግን አይቆዩም።

መልካም ሰንበት።