ይድረስ ለልጄ፣ ስለ ኢንቴል አክሲዮን

ውድ ልጄ፣

ዕቁቡ እንደ ደረሰሽና የኢንቴልን አክሲዮን ልትገዢበት እንዳሰብሽ ከነገርሽኝ ወዲህ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። «የቆየ ድርጅት ስለሆነ አይወድቅም» ማለትሽ አሳስቦኛል።

መቆየቱ እውነት ነው፤ የተመሠረተው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን በኦገስት 2000 ከ70 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው አክሲዮን በሴፕቴምበር 2024 ከ20 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ከ1992 ጀምሮ ሲከፍል የኖረውን የትርፍ ድርሻም በ2023 ወደ ሲሶው አወረደው፤ በ2024 ጨርሶ አቋረጠው።

ኢንቴል የሚሠራው የኮምፒውተር ቺፕ ነው፤ ቺፕ መሥራት ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ረቂቁን መስመር በብርሃን የሚያትመውን ማሽን የሚሠራው የሆላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው፤ የአንዱ ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ኢንቴል 10 ናኖሜትር በሚባለው የቺፕ አሠራር ለዓመታት ሲዘገይ የታይዋኑ ቺፕ ሠሪ ቲኤስኤምሲ ቀደመው። ከዚያ ወዲህ ለመድረስ ሲል በአሪዞናና በኦሃዮ ፋብሪካ ይገነባል።

ስለዚህ «አተረፈ» የሚለውን ዜና ብቻ አትመኚ። በ2023 ኢንቴል 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተጣራ ትርፍ አስመዝግቧል። በዚያው ዓመት ከሥራው ያገኘው ጥሬ ገንዘብ 11.5 ቢሊዮን ያህል ሲሆን ለፋብሪካና ለመሣሪያ ያወጣው ግን ከ25 ቢሊዮን በላይ ነበር። ልዩነቱን ሌላ ወገን መሙላት አለበት፤ አበዳሪ፣ ሸሪክ ወይም መንግሥት። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ራሱ አሥር በመቶ ገደማ ድርሻ ያዘ። መንግሥት የሚፈልገው ፋብሪካው በአገሩ እንዲቆም ነው፤ ያንቺ አክሲዮን ዋጋ እንዲወጣ ቃል አልገባም።

አትግዢ አላልኩም። ኢንቴል ለሌሎች ድርጅቶች ቺፕ የሚሠራበት ክፍል ትልልቅ ደንበኞች ካገኘ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል። ግን በዕቁቡ ገንዘብ አይሁን። ዕጣው ገና በመጀመሪያው ወጣልሽ እንጂ ገንዘቡ ሁሉ ያንቺ አይደለም፤ የቀሪዎቹ አባላት ዕዳ አለብሽ። ዋጋው በወረደበት ወር መዋጮ ቢደርስብሽ በኪሳራ ትሸጫለሽ። ከደመወዝሽ ለአምስት ዓመት የማትነኪውን ጥቂት ለይተሽ አስቀምጪ፤ መግዛት ካለብሽ በዚያ ይሁን።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደውዪልኝ። ስትደውዪ የድርጅቱን የዓመት ሪፖርት በእጅሽ ያዢ፤ የጥሬ ገንዘቡን ሠንጠረዥ አብረን እናነባለን።

አባትሽ