ቸር አለቃ ወይስ ጥሩ አለቃ?

አዲስ አበባ ውስጥ የግል ድርጅት ቢሮ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ግድግዳውን ነው። አንዱ ጋ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ከንግድ ፈቃዱ ጎን ተሰቅሏል። ሌላው ጋ በወርቅማ ፍሬም የተያዘ ጥቅስ አለ። የባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የስልኩ ጥሪ ደግሞ መዝሙር ነው። ይሄ ምንም ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ደስ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሒሳብ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ያለው የደመወዝ መክፈያ ነው። ክርስቲያን ነጋዴ ጥሩ አለቃ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው እዚያ ይመስለኛል።

ከዓመታት በፊት በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። እውነቱን ለመናገር ቸር ሰው ነበሩ። የዘበኛው ልጅ ሲታመም የሆስፒታሉን ሒሳብ ከኪሳቸው ከፍለዋል። ለፋሲካ ለእያንዳንዳችን ዶሮና ዘይት ይታደላል። ሐዘን የደረሰበት ሠራተኛ ቤት ከሁሉ ቀድመው የሚገኙት እሳቸው ናቸው። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሲዋጣም ስማቸው ከዝርዝሩ ራስጌ አይጠፋም።

ደሞዝ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወሩ በ30 ያልቃል፤ ደሞዙ አንዳንዴ በ8፣ አንዳንዴ በ12 ይመጣል። አንድ ጊዜ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ቆሞ ነው፤ ሌላ ጊዜ ባንኩ ኤልሲ አልከፈተም ነው። ቅዳሜ እስከ ማታ ቆይተን ዕቃ ስናራግፍ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚባል ነገር አይነሳም። ለስላሳና ዳቦ ይመጣል፣ ምርቃት ይከተላል፣ በቃ። ደፍሮ የጠየቀ ሰው ካለ የጋሼ መልስ አንድ ነበር፦ «እኔ ለእናንተ ያላደረግኩት ምን አለ?» ለዚህ መልስ ያለው ሰው የለም። ዶሮውን የበላ አፍ ምን ብሎ ይናገራል?

የጽዳት ሠራተኛችን አከራይ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ደጇ ላይ የምትቆም ሴት ነበረች። የኮንቴይነርና የኤልሲ ወሬ አይገባትም። አንድ ቀን ሠራተኛዋ ቡና እየቀዳችልን፣ «ጋሼን እግዜር ይስጣቸው፤ ሲሰጡኝ አመሰግናለሁ። ግን እስቲ አንድ ቀን እንኳ ደሞዜን ሳላመሰግን ብቀበል!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን የሚናገር ሰው ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አለቆች ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ይሄ አነጋገር ነው። ምጽዋት የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሲፈልግ ይተዋል፤ ተቀባዩም ያመሰግናል። ደመወዝ ግን ዕዳ ነው። ሠራተኛው ላቡን አስቀድሞ አበድሯል፤ በወሩ መጨረሻ የሚቀበለው ያበደረውን ነው። ቸር አለቃ ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለቱን ይቀላቅላቸዋል። ዕዳውን ሳይከፍል ስጦታ ይሰጣል፤ ከዚያም ስጦታው የባለ ዕዳውን ትቶ የባለ ገንዘቡን አፍ ይዘጋል።

መጽሐፉ ራሱ በዚህ ነገር ላይ ምሕረት የለውም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሀውን ሞያተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ ሰውየው ነፍሱን በዚያ ላይ ጥሏልና ብሎ ነው። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ደግሞ የተቀማው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ይናገራል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ቦታ ለሠራተኛው እዘኑለት አልተባለም። ክፈሉት ነው የተባለው።

ላባንንም አንርሳ። ያዕቆብ ቤቱ በመጣ ጊዜ አቅፎ ስሞ፣ አጥንቴና ሥጋዬ ነህ ብሎ ነው የተቀበለው። በዛሬው ቋንቋ «እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን» ማለቱ ነው። ያዕቆብ 20 ዓመት ሠራለት፤ በመጨረሻ ሲሟገቱ ግን ደመወዜን አሥር ጊዜ ለዋወጥክብኝ ብሎ ከሰሰው። «ቤተሰብ ነን» የሚል አለቃ ስሰማ ታዲያ ፈገግ እላለሁ። ቤተሰብ መሆን መልካም ነው፤ የቅጥር ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን።

የእኛም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ወስኗል። ቀን ላይ ለተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል፣ የአንድ ዓመት አገልግሎት ያለውም 16 የሥራ ቀን እንዲያርፍ ያዛል። ዝቅተኛው ደመወዝ ስንት ይሁን ለሚለው ግን አዋጁ ራሱ ቁጥር አላስቀመጠም፤ ነገሩን ለደመወዝ ቦርድ ነው የተወው። ሕግ ቁጥር ያልጻፈበት ቦታ ደግሞ የክርስቲያን ሕሊና የሚፈተንበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የጡረታው ነገር ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። 7ቱን ቆርጦ ሳያስገባ ለዕቃ ማዞሪያ የሚያውለው ነጋዴ የሰው አደራ እየበላ ነው። ሠራተኛው ይሄን የሚያውቀው ጉልበቱ ከከዳው በኋላ፣ ፋይሉን ይዞ በቆመበት መስኮት ላይ ነው። ከዚህ ገንዘብ ላይ አሥራት ቢወጣ፣ አሥራቱ የማን ይባላል?

እርግጥ አለቃ መሆን ቀላል አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ወረፋው፣ ግብሩ፣ የባንክ ወለዱ፣ ዕቃ ወስዶ ገንዘብ የማያመጣው ደንበኛ እንቅልፍ ይነሳል። ወር የሚጎድልበት አለቃ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴም አይደለም። ጥያቄው ወር ሲጎድል መጀመሪያ የሚጎድለው የማን ነው የሚለው ነው።

አንድ የማተሚያ ቤት ባለቤት አውቃለሁ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ሥራው ሲቆም ሠራተኞቹን ሰብስቦ ያለውንና የሌለውን ገንዘብ በግልጽ ነገራቸው። ዘበኞቹና ጽዳቶቹ ሙሉ ደሞዛቸውን አገኙ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ግማሽ፤ እሱ ምንም። ግማሹንም ቆይቶ ሳይጠይቁት ከፈለ። ሰውየው ሰንበት የማያጓድል አማኝ ነው፤ ሥራ ቦታ ላይ ግን ሲሰብክ የሰማው የለም። ግድግዳው ላይ ያለው የባንክ ካላንደር ብቻ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሞኝ ይባላል። ነህምያም በይሁዳ አለቃ ሆኖ በተሾመባቸው 12 ዓመታት ለሹመቱ የተመደበለትን ቀለብ አልበላም፤ የሕዝቡ ሸክም ከብዷልና። ሲቆጨው ግን አልሰማንም።

ይሄን ለምታነቡ አለቆች አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለመጪው በዓል በግ ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳብ ሹሟን ጥሩና የጡረታ መዋጮው ገቢ የሆነበትን ደረሰኝ፣ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ካለም ዝርዝሩን አስቀርቡ። ሁሉም ከተከፈለ በጉን ግዙ፤ ሠራተኛውም በደስታ ይበላል፣ ይመርቃችኋል። ካልተከፈለ ግን በጉ የተገዛው በራሱ በሠራተኛው ገንዘብ ነውና ምስጋናውን አትጠብቁ።