የእናት ጤና በሰው እጅ እስከ መቼ?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ ወረታን አልፈው አዲስ ዘመን ሳይደርሱ ይፋግ የምትባል የጥንት የገበያ ከተማ አለች። የተወለድኩት እዚያ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የምሠራ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እናቴ ግን ዘጠኝ ወልዳ ሦስቱን አፈር አልብሳለች። ዘመኑ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚባልበት ነበርና፤ እርሷ ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ለልቅሶ ወደ ይፋግ ሄጄ ነበር። የወንድሜ ሚስት አራት ልጆች አሏት፤ የመጨረሻው ገና ጡት አልጣለም። በዚያ ሰሞን በየሦስት ወሩ የምትወጋውን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ለመውሰድ ሄዳ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«እትዬ፤ መርፌው አልቋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ አሉኝ። ቀኔ አልፏል፤ እስከዚያ ምን ልሁን?» አለችኝ።

ወንድሜ በበኩሉ «ሁለት ሳምንት ምን አላት?» አለ። ለእርሱ ሁለት ሳምንት የሩዝ አረም ሳያልቅ የምታልፍ ጊዜ ናት። ለእርሷ ግን አምስተኛ ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ውድ እናቶችና እህቶች፤ ይህ መርፌ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀን እናውቃለን? እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለእኛ በነፃ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚከፍልለት አለ። መንግሥታችን ከራሱ ካዝና ባጀት መመደብ ከጀመረ ዓመታት ቢቆጠሩም፤ ከፍተኛውን ድርሻ ሲሸፍን የኖረው የውጭ ለጋሾች ገንዘብ ነው።

በዚህ ገንዘብ የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ መንገዱን ጀመረ። በ1985 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ወጣ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመደቡ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ100 ባለትዳር ሴቶች መካከል የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ የነበሩት 8 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 41 ደረሱ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶችም በ1992 ዓ.ም. ከ100 ሺህ ሕፃናት ልደት 871 የነበሩት፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወረዱ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ የሰው ገንዘብ ከሰው ሐሳብ ጋር መለዋወጡ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በነሐሴ 1976 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሥነ ሕዝብ ጉባኤ ላይ አንድ ደንብ አስታወቀ። ይኸውም በሌላ አገር የሚገኝ ማኅበር፤ በራሱ ገንዘብ እንኳ ቢሆን፤ የፅንስ ማቋረጥ አገልግሎት ከሰጠ ወይም ስለዚሁ ከመከረ የአሜሪካን የቤተሰብ ምጣኔ እርዳታ አያገኝም የሚል ነው። ደንቡ በጥር 1985 ዓ.ም. ተሻረ፤ በጥር 1993 ተመለሰ፤ በጥር 2001 ተሻረ፤ በጥር 2009 ተመለሰ፤ በጥር 2013 ተሻረ፤ በጥር 2017 እንደገና ተመለሰ። እኛ ከጥምቀት በዓል ሳንመለስ፤ ዋሽንግተን ላይ አዲስ ፕሬዚዳንት ይገባል፤ ብዕር ያነሣል፤ የአንዲት አርሶ አደር ሴት ነገር በዚያ ይወሰናል። የእኛው ሕግ በ1997 ዓ.ም. የፅንስ ማቋረጥን በተወሰኑ ምክንያቶች ቢፈቅድም፤ ሕጋችንን አክብሮ የሚሠራ ማኅበር በሌላ አገር ደንብ እርዳታውን ያጣል። ይህም አልበቃ ብሎ የአሜሪካ የልማት ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋ።

መርፌ በብዙ ምክንያት ያልቃል፤ መንገድ ይበላሻል፤ መጋዘን ይዘገያል። ምንጩ በሰው እጅ ሲሆን ግን መንገዱ ቢጠገንም ሥጋቱ አይቀርም። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባል የለ?

ይህን ስል የረዱንን መንቀፌ አይደለም። የማላመሰግን ብሆን የእናቴን ዘመን የረሳሁ እሆናለሁ። ነገር ግን የአፍሪካ መሪዎች በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከዓመታዊ ባጀታቸው 15 ከመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል መግባታቸውን ማስታወስ ይገባናል። ስለ መንገድና ስለ ውሃ በቀበሌ ስብሰባ እጃችንን እንደምናወጣ ሁሉ፤ «ለእናቶች መድኃኒት ስንት ተመደበ?» ብለን መጠየቅ አለብን። ወንዶችም አብረውን ይጠይቁ።

የወንድሜ ሚስት ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለችልኝ። ተመርምራ እንዳላረገዘች ታውቆ መርፌውን ወስዳለች።

«ተመስገን ነው እትዬ» አለችኝ። «ግን ያን ሦስት ሳምንት ዓይኔ እንቅልፍ አላየም።»

ለሚቀጥለው ሦስት ወር ምን አልኳት? ምንም አላልኳትም። መልሱ ከእኔ ሳይሆን ከባጀት መዝገባችን መምጣት አለበት።